የ2022 ታክሳችን ላይ ስህተት ተገኘ፣ ለማስተካከል ጊዜው አልፎብናል?

የማታ ሹፌር
ሰላም ወገኖች እንዴት ከረማችሁ። ታክስ የሚገባው ሰው ካለ እስቲ ይርዳኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ኡበር እነዳለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች ደብሊው ቱ (የደሞዝተኛ የገቢ ወረቀት) ነው ያላት፣ ፋይል የምናደርገው ጆይንት (በጋራ) ነው። ለብዙ ጊዜ ታክስ የሚሠራልን አንድ አበሻ ነበረ፣ ዘንድሮ አገር ቤት ገባ ሲባል ሌላ ሰው ጋ ሄድን። አዲሷ ልጅ የበፊቶቹን ወረቀቶች አምጡ አለችና ስታገላብጥ 2022 ላይ ስትደርስ "የኡበር ኮሚሽን የታለ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ የምን ኮሚሽን አልኳት። ለካ 1099-ኬ የሚባለው ኡበር የሚልከው የገቢ ወረቀት ላይ የሚመጣው ቁጥር ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ብር ነው እንጂ እኔ አካውንት የገባው አይደለም፣ ኡበር ቆርጦ የሚያስቀረው ሁሉ እዛው ውስጥ አለ፣ እሱ በወጪ በኩል መቀነስ ነበረበት። ሰውየው ግን 61 ሺ ዶላሩን እንዳለ ገቢ ብሎ ማይሌጁን ብቻ ቀንሶ 17 ሺ የሚሆነውን ፊ እና ኮሚሽን ረስቶታል። ያኔ 5,400 ዶላር ኦው አለብህ ተብዬ በአንዴ መክፈል ስላልቻልኩ ኢንስቶልመንት ገብቼ በየወሩ ስከፍል ከርሜ ባለፈው ዓመት ነው የጨረስኩት።

አሁን ጥያቄዬ ጊዜው አልፏል ወይ ነው። አንዱ ጓደኛዬ 3 ዓመት ነው አልፎሃል ይለኛል፣ ሌላው 7 ዓመት አለህ ይላል፣ ባለቤቴ ደግሞ ከፍለን ጨርሰናል ተዪው በቃ ባይ ናት... ይቅርታ ተወው ማለቴ ነው ኪቦርዱ ነው። ደግሞስ ብነካው ኦዲት ያደርጉኝ ይሆን?

ዳላስ 75
ወንድሜ ምክሬን ከሰማኸኝ የማይነካ አትነካካ። የ2022ቱ ፋይል ሊዘጋ ነው፣ አንተ ራስህ ሄደህ አሜንድ (ማስተካከያ) ስታደርግ እንደገና ይከፈትና ሌላ 3 ዓመት ይጀምራል፣ ያኔ የባንክ ስቴትመንት አምጣ ማይሌጅ ሎግ አምጣ ሲሉህ ነው የሚገባህ። ለ2 እና ለ3 ሺ ዶላር ብሎ እንቅልፍ ማጣት ምን ያደርጋል፣ ሁለት ዊኬንድ ብትነዳ ታገኘዋለህ

ሰንፔር
ዳላስ 75 ሁለት ዊኬንድ ነድተህ 3 ሺ ዶላር የምታገኝበትን ከተማ ንገረንና ሁላችንም እንምጣ 😄

የማታ ሹፌር፣ ሥራዬ ይሄው ነው፣ ኢንሮልድ ኤጀንት (የፌዴራል ፈቃድ ያለው የታክስ ባለሙያ) ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ ምክንያቱም ሰው ሁሉ "3 ዓመት" ይላል እንጂ ከየት ተነስቶ እንደሚቆጠር አይናገርም፣ ብር የሚጠፋው ደግሞ እዛ ላይ ነው።

ገንዘብህን መልሱልኝ ለማለት (1040-ኤክስ በሚባለው የማስተካከያ ፎርም ማለት ነው) ያለህ ጊዜ ኦሪጅናሉን ፋይል ካደረግክበት ቀን 3 ዓመት፣ ወይም ታክሱን ከከፈልክበት ቀን 2 ዓመት ነው፣ ከሁለቱ የቱ ይዘገያል እሱ ይያዛል። ከኤፕሪል 15 በፊት ቀድሞ ፋይል ያደረገ ሰው በመጨረሻው ቀን እንዳስገባ ነው የሚቆጠርለት፣ ጃንዋሪ ላይ አስገብቼ ስለነበር ጃንዋሪ ላይ አለፈብኝ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ስላለ ነው ይሄን የምለው። የ2022 የመጨረሻ ቀን ቅዳሜና የዲሲ ኢማንሲፔሽን ደይ ተደራርበው ወደ ኤፕሪል 18፣ 2023 ተገፍቶ እንደነበር ታስታውስ ይሆናል፣ ግን በዛች 3 ቀን አትመካ። ከደሞዝ የተቆረጠ ታክስ ሁልጊዜ ኤፕሪል 15 እንደተከፈለ ነው ሕጉ የሚቆጥረው፣ ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው የ2022 በር የሚዘጋው ኤፕሪል 15፣ 2026 ነው ብሎ መያዝ ይሻላል። ያ ቀን እስኪያልፍ ድረስ አላለፈህም።

7 ዓመት ያለህ ጓደኛህ ከአየር ላይ አላመጣውም፣ ሕጉ ውስጥ አለ፣ ግን ዋጋ ቢስ ለሆነ አክሲዮንና ሊሰበሰብ ላልቻለ ብድር ብቻ ነው። ለኡበር ኮሚሽን አይሠራም።

አሁን ሁለት ነገር መልስልኝ፣ 2022ን ፋይል ያደረግከው መቼ ነው? ኤክስቴንሽን (የፋይል ማድረጊያ ጊዜ ማራዘሚያ) ጠይቃችሁ ነበር ወይ? እሱን ሳላውቅ ብሩን ልነግርህ አልችልም።

የማታ ሹፌር
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ኤፕሪል ላይ አልነበረም፣ ያን ጊዜ አማቴ ከአገር ቤት መጥታ ታማብን ሆስፒታል ለሆስፒታል ስንል ዘግይተን ነው፣ ሴፕቴምበር አካባቢ ይመስለኛል። ኤክስቴንሽን የሚባለውን ሰውየው ሞልቶልን ይሁን አይሁን ግን አላውቅም፣ እሱ "እኔ እጨርሰዋለሁ አታስብ" ብቻ ነበር የሚለኝ

ሰንፔር
"አታስብ" የሚል ታክስ ሠሪ ነው የሚያሳስበኝ።

አይአርኤስ (የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) ዌብሳይት ላይ የራስህን አካውንት ክፈትና የ2022ን አካውንት ትራንስክሪፕት (የሒሳብህን መዝገብ) አውርድ፣ ነጻ ነው። እዛ ላይ ኮድ 460 የሚል መስመር ካየህ ኤክስቴንሽን ነበራችሁ ማለት ነው። ኮድ 150 አጠገብ ያለውን ቀን ፋይል ያደረግኩበት ነው ብለህ እንዳትወስደው፣ እሱ ሲስተማቸው ውስጥ የተመዘገበበት ነው፣ ሪተርኑ የደረሳቸው ቀን ከላይ በኩል ለብቻው ተጽፏል። 806 ከባለቤትህ ደሞዝ የተቆረጠው ነው፣ 670 የሚሉት ደግሞ አንተ በየወሩ የከፈልካቸው። እነዚህን ጻፍልኝ፣ ሶሻልህን ግን ፎረም ላይ እንዳትለጥፍ!!

ቡና ቁርስ
እኔም ልጨምር መሰለኝ ይሄን ሰውዬ ሳላውቀው አልቀረሁም ወይም የሱ ዓይነት ሌላ ነው። እኛ የምናውቀው ሰውዬ ለሁላችንም ለቤተክርስቲያን 4 ሺ ዶላር ሰጥተዋል እያለ ስኬጁል ኤ (ተቀናሽ የሚዘረዘርበት ፎርም) ላይ ይጽፍ ነበር፣ እኔ በዓመት 300 ዶላር ብሰጥ ነው፣ ለልጄ ክርስትና የሰጠሁትን ጨምሮ። ሪፈንዱ ጥሩ ሲመጣ ማን ይጠይቃል። ያ ከሆነ 5 ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁን ነጻ ነኝ አይደል?

ዳላስ 75
ያው እኔ ምን አልኩ

ሰንፔር
ቡና ቁርስ፣ ያንተ ጉዳይ ከሱ ይለያል፣ እዚህ ላይ የሚቆጥረው ሌላኛው ሰዓት ነው። እስካሁን ያወራነው አንተ ከመንግሥት ብር የምትጠይቅበትን ጊዜ ነበር፣ መንግሥት ካንተ ተጨማሪ የሚጠይቅበት ደግሞ ለብቻው ይሄዳል። በደንቡ እሱም ከፋይልህ ቀን 3 ዓመት ነው። ሪተርኑ ላይ ካሳየኸው ጠቅላላ ገቢ ከ25 ፐርሰንት በላይ የሆነ ገቢ ከዘለልክ 6 ዓመት ይሆናል። ጭራሽ ፋይል ካላደረግክ ወይም ማጭበርበር ካለበት ማብቂያ የለውም፣ 20 ዓመትም ቢሆን።

"ያጭበረበረው እኔ ሳልሆን ታክስ ሠሪው ነው" የሚለው ደግሞ የሚመስለውን ያህል አያድንም። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እንዲሁ ሳያውቅ ሠሪው ዲዳክሽኑን አሳብጦበት ጉዳዩ ታክስ ኮርት ደርሶ፣ በ2007 ኮርቱ ሐሰቱ ሪተርኑ ላይ እስካለ ድረስ ማንም ይጻፈው ማን የ3 ዓመቱ ገደብ አይሠራም ብሎ ወስኗል። ሌላ ፍርድ ቤት በተቃራኒው የወሰነበትም አለ፣ ቢሆንም እኔ አንተን ብሆን በሱ አልተማመንም። ደብዳቤ ሳይመጣልህ ቀድመህ አስተካክለህ ልዩነቱን ከከፈልክ ብዙ ጊዜ 20 ፐርሰንቱ ቅጣት ይቀርልሃል፣ ከመጣልህ በኋላ ግን ያ ዕድል የለም። ያንተ ዓይነቱን ግን ፎረም ላይ ከምትጨርሰው የታክስ ጠበቃ ጋ ቁጭ ብለህ ብታወራ ነው የሚሻልህ፣ እኔ ጋ የምታወራው ነገር እንደ ጠበቃ ምስጢር ሙሉ ጥበቃ የለውም።

ዳላስ 75፣ አንተ ያልከው ግማሹ ልክ አይደለም ግማሹ ግን መልስ ይገባዋል። 1040-ኤክስ ማስገባት የአይአርኤስን 3 ዓመት እንደ አዲስ አያስጀምረውም። (ጊዜው ሊያልቅ 60 ቀን የማይሞላ ሲቀረው ተጨማሪ ታክስ አለብኝ የሚል አሜንድመንት ከገባ 60 ቀን ያገኛሉ፣ ይሄ ግን ሪፈንድ ለሚጠይቅ ሰው አይመለከተውም።) እውነት ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ብሬን መልሱ ስትል ሪተርኑን በሙሉ የማየት መብት አላቸው፣ ከ1932 ጀምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ነገር ነው፣ ለነሱ የመጠየቂያ ጊዜ ቢያልፍባቸው እንኳ ሌላ ስህተት ካገኙ ከምትጠይቀው ሪፈንድ ላይ ሊያቻችሉብህ ይችላሉ። ጊዜያቸው ካለፈ በኋላ ግን ከዛ አልፈው ተጨማሪ ክፈል ሊሉህ አይችሉም። ስለዚህ የማታ ሹፌር፣ ከመላክህ በፊት አዲሷ ልጅ ኮሚሽኑን ብቻ ሳይሆን ማይሌጁንም ትይልህ፣ ሎግ አለህ ወይ? የኡበር ዓመታዊ ሰመሪ ላይ ያለው ማይል ኦንላይን የነበርክበት ብቻ ነው፣ ሰውየው ከዛ በላይ ጽፎ ከሆነ ማስረጃውን ማዘጋጀት ይኖርብሃል። በተቃራኒው ደግሞ የከፈልከው ቶል (የመንገድ ክፍያ) ተረስቶ ከሆነ እሱንም ጨምሩት።

የማታ ሹፌር
ትራንስክሪፕቱን አወጣሁ፣ መለያ ኮድ በስልክ ላኩ ሲሉ ስልኬ በባለቤቴ ስም ሆኖ እሱን ለመጨረስ የፈጀብኝን አልነግራችሁም። 460 የሚል አለ! የደረሳቸው ቀን ሴፕቴምበር 2023 ነው። 806 ላይ የባለቤቴ አለ፣ 670 ደግሞ ተደርድሯል፣ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ በየወሩ። ማይሌጁን የሚመዘግብ የስልክ አፕ ነበረኝ፣ መዝገቡ አለ

ሰንፔር
ሰውየው ቢያንስ ይሄን አድርጎልሃል፣ ኤክስቴንሽኑ ትልቅ ነገር ነው።

ፋይል ያደረግከው ሴፕቴምበር 2023 ስለሆነ 3 ዓመቱ ከዛ ነው የሚቆጠረው፣ እስከ ሴፕቴምበር 2026 ጊዜ አለህ። ሁለተኛው ጥያቄ ስንት ይመለስልሃል ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፣ በጊዜ ብታመለክት እንኳ የሚመለሰው ካመለከትክበት ቀን ወደኋላ 3 ዓመትና የኤክስቴንሽኑን ወራት ያህል ሲቆጠር በዛ ውስጥ የተከፈለው ብቻ ነው። ኤክስቴንሽን ስላለህ 3 ዓመት ተኩል ወደኋላ ያያል፣ የባለቤትህ ኤፕሪል 15፣ 2023 እንደተከፈለ የሚቆጠረውም እዛ ውስጥ ይገባል። ኤክስቴንሽን ሳትጠይቁ ዘግይታችሁ አስገብታችሁ ቢሆን ኖሮ ኤፕሪል 15፣ 2026 ካለፈ በኋላ የባለቤትህ የተቆረጠው ከሒሳቡ ይወጣና ኢንስቶልመንቱ ብቻ ይቀር ነበር። አንተ ግን ኢንስቶልመንቱ ብቻውንም 5,400 ስለሆነ ጣሪያው አይነካህም፣ ይሄን የምጽፈው ለሌሎች ነው።

የሚመለሰው በግምት፣ 17 ሺው ሲቀነስ ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ (በግሉ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው) ብቻ 2,400 ዶላር አካባቢ ይወርዳል፣ የኢንካም ታክሱ በላዩ ነው፣ እሱን እንደ ብራኬታችሁ አዲሷ ልጅ ታሰላዋለች። ባልነበረብህ ታክስ ላይ የተቆለለው የኢንስቶልመንት ወለድና ቅጣትም አብሮ ይመለሳል፣ እነሱም ይዘውት ለቆዩበት ወለድ ይከፍሉሃል፣ ያቺ ወለድ ደግሞ በምትደርስህ ዓመት ገቢ ሆና ትመዘገባለች 🙂

ጊዜ አለኝ ብለህ ግን ሴፕቴምበር እንዳትጠብቅ። 3 ዓመቱን ብታልፍ የሚቀርልህ የ2 ዓመቱ ደንብ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚመልስልህ ካመለከትክበት ቀን በፊት ባሉት 2 ዓመታት የከፈልከውን ብቻ ስለሆነ አንድ ወር ባለፈ ቁጥር አንድ ክፍያ ከኋላ እየወደቀ ይሄዳል።

ኢ-ፋይል የሚቀበሉት የአሁኑን ዓመትና ከሱ በፊት ያሉትን ሁለት ዓመቶች አሜንድመንት ስለሆነ 2022 በወረቀት ነው የሚሄደው። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ጆይንት ላይ አንዱ ሳይፈርም ቀርቶ የሚመለስ ፋይል ብዛቱ! ፖስታ ቤት ኮንተር ላይ ሄደህ ሰርቲፋይድ አድርገህ ደረሰኙን ማህተም አስመታው፣ መንገድ ዳር ሳጥን ውስጥ አትጣለው፣ ክርክር ከመጣ ያለህ ማስረጃ ያቺ ደረሰኝ ናት። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይላሉ፣ አንዳንዴ እስከ 16 ይሄዳል።

የልጆች እናት
ሰንፔር የኔ እህት እኔንም እይኝ እባክሽ። የኔ ከነሱ ይለያል፣ እኔ ፋይል ያደረግኩት ትክክል ነው ግን ደብዳቤ መጣብኝ ሲፒ2000 የሚባለው፣ ስለ አክሲዮን ሽያጭ ነው፣ 9 ሺ ዶላር የሸጥኩትን ሙሉውን ትርፍ አድርገው 9 ሺ ገቢ ደብቀሻል አሉኝ፣ የገዛሁበት 8,200 ነው። ደብዳቤው ሲመጣ እናቴ አርፋ አገር ቤት ነበርኩ፣ ስመለስ ሁለተኛ ደብዳቤ በሰርቲፋይድ መጥቶ ጎረቤት ፈርማ ተቀብላልኛለች። ሁለተኛው ላይ 90 ቀን ይላል፣ እኔ 3 ዓመት አለኝ ብዬ ተረጋግቼ ነበር ይሄን ሳነብ ነው የደነገጥኩት

ሰንፔር
ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

አንቺ ጋ 3 ዓመቱን እርሺው፣ ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ነው አሁን የሚገዛሽ። ሲፒ2000 ገና ሐሳብ ነው፣ ቢል አይደለም፣ ብዙ ጊዜ 30 ቀን ይሰጡና መልስ ካላገኙ ሁለተኛውን ይልካሉ። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው፣ 90 ቀን ውስጥ ታክስ ኮርት ካልሄድሽ ታክሱን ይጽፉብሻል፣ ያን 90 ቀን ደግሞ አይአርኤስ ራሱ ሊያራዝምልሽ አይችልም፣ በስልክ "እያየነው ነው ጠብቂ" ቢሉሽም ቀኑ እየሄደ ነው። መክፈቻው 60 ዶላር ነው፣ አቅም ለሌለው እሱም ይቀራል፣ ታክሱንም ቀድመሽ መክፈል አይጠበቅብሽም።

መጀመሪያ የመጨረሻውን ቀን እይ፣ ደብዳቤው ላይ ራሱ ተጽፏል። ያ ካላለፈ አቤቱታውን አስገቢ፣ የገዛሽበትን የብሮከር ወረቀት ካቀረብሽ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ዳኛ ፊት ሳይደርስ ያልቃል። ካለፈ ደግሞ ደብዳቤው የተላከ ዕለት አገር ቤት ነበርሽ ወይ? ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው 150 ቀን ነው፣ ለጊዜው ወጥተው የነበሩ ሰዎችም ይሄን ተከራክረው ያገኙበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ የፓስፖርትሽን ማህተምና ቲኬትሽን ያዢ። እሱም ካለፈ፣ ታክሱን ገና ካልከፈልሽ ኦዲት ሪኮንሲደሬሽን የሚባል አለ፣ ያላዩትን ማስረጃ ይዤ መጣሁ ድጋሚ እዩልኝ ማለት ነው። ያለዚያ ከፍለሽ በ2 ዓመት ውስጥ መልሱልኝ ማለት ትችያለሽ። ገቢሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ለዚህ ተብለው የተቋቋሙ ነጻ የታክስ ክሊኒኮች አሉ፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ፣ ዛሬውኑ ደውዪ።

የልጆች እናት
ተባረኪ። አየሁት፣ 11 ቀን ይቀረዋል!!

ሰንፔር
እንግዲያው ከዚህ ፎረም ውጪና አቤቱታውን ሙዪ። ታክስ ኮርት ኦንላይን ይቀበላል፣ ፎርሙም አጭር ነው።

ዳላስ 75
እሺ እኔም አንድ ልጠይቅ ሳታሾፊብኝ 😅 2023 ላይ ባለቤቴ አዲስ አበባ ነበረች ገና አልመጣችም፣ ማሪድ ፋይሊንግ ሴፓሬት (ባለትዳር ግን ለየብቻ) ብዬ ነው የሞላሁት። አሁን መጥታለች፣ ወደ ጆይንት መቀየር ይቻላል?

ሰንፔር
የማይነካ አትነካካ ያልከው አንተ አይደለህም? 😄

ይቻላል፣ ከሴፓሬት ወደ ጆይንት መቀየር ከመደበኛው የመጨረሻ ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው፣ እዚህ ላይ ኤክስቴንሽን አይቆጠርም፣ ለ2023 እስከ ኤፕሪል 2027 ማለት ነው። በተቃራኒው ከጆይንት ወደ ሴፓሬት ግን የመጨረሻው ቀን ካለፈ አይቻልም። ባለቤትህ ያኔ እዚህ ስላልነበረች ሁለታችሁም እንደ ነዋሪ ልንቆጠር መርጠናል የሚል የፈረማችሁበት ወረቀት ታያይዛላችሁ፣ ያኔ አዲስ አበባ ያገኘችው ደሞዝም አብሮ ይገባል፣ እሱን ሳትደብቅ አስላው። ሶሻል አሁን ቢኖራትም ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት (ዝቅ ያለ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጥ የታክስ ድጋፍ) ለማግኘት ሶሻሉ የ2023 ሪተርን ማስገቢያ ቀን ሳያልፍ የወጣ መሆን ነበረበት፣ ኋላ የመጣ ቁጥር ወደኋላ ሄዶ ያንን አያስገኝም። ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ ግን እጥፍ ይሆንልሃል።

የማታ ሹፌር
ሰንፔር አንድ የመጨረሻ፣ ሜሪላንድስ? ፌዴራሉን ካስተካከልኩ እነሱ ራሳቸው ያውቃሉ ወይስ እኔ ነኝ የማስገባው?

ሰንፔር
አንተ ነህ። 502-ኤክስ የሚባል ፎርም ነው፣ የፌዴራሉን 1040-ኤክስ ኮፒ አያይዝበት፣ ካውንቲ ታክሱም እዛው ውስጥ ስላለ የሚመለሰው ከምትገምተው ይበልጣል። ሜሪላንድም ከፋይልህ ቀን 3 ዓመት ነው የምትሰጥህ፣ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን ላካቸው። አይአርኤስ ራሱ ቀይሮብህ ታክስህ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ በ90 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ነበረብህ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ 1 ዓመት አላችሁ።

የማታ ሹፌር
ገባኝ። ሐሙስ ለልጅቷ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ትራንስክሪፕቱንና የማይሌጁን አፕ ይዤ እሄዳለሁ። ባለቤቴ 2,400 ሲባል "ተወው" ያለችውን ትታዋለች